ያልተወሰዱ

ባለፈው ወር አንድ ትሑት ወጣት ስልክ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስለ ሰላም የሚናገር የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጁ ነው፤ ከአባቴ ስብስብ አሥር ያህል ፎቶ ብሰጣቸው ደስ ይላቸዋል። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚፈልጉ ጠየቅኩት። «ለምሳሌ ቄስና ሼህ ተጨባብጠው የሚታዩበት ቢኖር» አለኝ።

አባቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ከፍቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ቄስም ሼህም በብዛት አንስቷል፤ ተጨባብጠው ግን አንድም የለም። ጉርድ ፎቶ ሊነሱ የመጡ ቄስና ሼህ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወረፋ እየጠበቁ ስለ በቅሎ ዋጋ ሲከራከሩ ግን በልጅነቴ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን ደግሞ ማን ብሎ ያነሳዋል?

ለወጣቱ ሌላ ነገር አቀረብኩለት፤ አንድ ካርቶን ሙሉ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ፎቶዎች። «የታወቁ ሰዎች ናቸው?» አለኝ። አይደሉም። «እሺ፣ እንደውልልዎታለን» ብሎ ተሰናበተኝ። እስካሁን አልደወለም። አልተቀየምኩትም፤ ካርቶኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋዬ ሥር ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን አልፌ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

ክዳኑ ላይ በአባቴ ቀይ እስክሪብቶ «ያልተወሰዱ» ተብሎ ተጽፏል።

የድሮ ፎቶ ቤት እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማያውቁ ላስረዳ። ሰው ይመጣል፤ ቀብድ ከፍሎ ይነሳል፤ ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ቀሪውን ከፍሎ ፎቶውን ይወስዳል። አባቴ ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምረው የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሱ የነበሩት እነ ቦያጂያን አርመኖች ነበሩና በዚያ ትውልድ ፎቶ አንሺ ልሁን ያለ ሰው የአርመን ደጅ ቢጠና አይገርምም። ካሜራው ሁለት ዓይን ያለው፣ ጎንበስ ብለው ከላይ የሚያዩበት ያሺካ ነበር። አንዱ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ስለሚያወጣ እንደዛሬው ዝም ብሎ አይነሳበትም። ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ሁለት ክራቫት ተሰቅለው ነበር፤ ከገጠር የመጣ ሁሉ ያንኑ ኮት ይለብሳል። ከሰፋው አባቴ ከጀርባ በልብስ መቆንጠጫ ይይዝለታል። በወሎ ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ያ አንድ ኮት ተሰቅሎ እንደሚገኝ እግዜር ይቁጠረው።

የእጥበቱን ነገርም ላንሳ፣ ወደፊት ስለሚያስፈልገኝ። ባለቀለሙን ፊልም ወደ አዲስ አበባ ይልከው ነበር፤ ጥቁርና ነጩን ግን ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሱ ነበር የሚያጥበው። ምስሉ ከወጣ በኋላ እንዲጸና ሃይፖ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ያ ሃይፖ በደንብ ካልተለቀለቀ ዓመታት ቆይቶ ፎቶውን ያዥጎረጉረዋል፤ መጀመሪያ ቢጫ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይበላዋል። የደሴ ውሃ በፈረቃ ስለነበር አንዳንዱ ፎቶ ቤት ለአምስት ደቂቃ ነካ ነካ አድርጎ ይሰቅለዋል። አባቴ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃውን እየቀያየረ ይለቀልቀዋል። ባልዲ ተሸካሚዋ እኔ ስለነበርኩ ግማሽ ሰዓት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «አባዬ፣ ማን ያየዋል?» እለው ነበር። «ሃምሳ ዓመት የሚቆይ አለ» ይለኛል።

ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረ ፎቶ አይጣልም። ከደረሰኙ ግልባጭ ጋር በፖስታ ገብቶ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል። «ቀብድ የተበላበት ዕቃ የሰው ዕቃ ነው» ይል ነበር።

የወሎ ሰው ስለ ፎቶግራፍ ሲያወራ ኮረምን ሳያነሳ አያልፍምና እኔም ላንሳት። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ስለ ረሃቡ የሠራው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ ድግስ ተደረገ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ እህል መጣ። ያ ምስል ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ ሰው ቢገጥመኝ እጣላዋለሁ። መሐመድ አሚንም የዋዛ ሰው አልነበረም፤ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጥቶ እንኳን ካሜራውን አልጣለም።

ነገር ግን ማዘን ሌላ ነው፣ ማወቅ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ከዚያው ከወሎ ገጠር የመጡ ሰዎች አባቴ ፊት ቆመው ኮቱን ለብሰዋል፤ አገጫቸውን ቀና አድርገዋል፤ «አሁን አንሳኝ» ብለዋል። ቀሪውን ከፍለው ፎቷቸውን ወስደዋል። የኮረሙ ሰው ምስል ዓለምን ሲዞር ለእርሱ ደረሰኝ የቆረጠለት አልነበረም። በፎቶግራፍ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ የሚከነክነኝ ይህ የደረሰኝ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አንዱ ፖስታ ልመለስ። ቁጥሩ 0417 ነው። ቀብድ 20 ብር፣ ቀሪ 15 ብር። ግንቦት 1990።

ከእኛ ፎቶ ቤት ሦስት በር አልፎ ጋራዥ የነበራቸው ሰው ናቸው። የአሰብ ከባድ መኪናዎች ሲበላሹ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚቆሙት። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእኔን የምረቃ ቀሚስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። የሰፈሩ ሰው እትዬ ይላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። ሁለቱም ትውልዳቸው ከኤርትራ ቢሆንም ደሴ ተጋብተው ደሴ ወልደው የኖሩ ናቸው። በግንቦት የመጨረሻ ልጃቸውን ክርስትና አስነሡና ቤተሰቡ በሙሉ መጥቶ ፎቶ ተነሳ፤ አባት፣ እናት፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው፣ ነጠላ የተጠቀለለው ጨቅላ። ልጅቱን አባቴ ከዚያ በፊትም አንስቷት ነበር። ያ ፎቶዋ አምሮለት በትልቁ ታትሞ፣ ከመንገድ በሚታየው መስታወታችን ውስጥ ተሰቅሎ፣ ድፍን ፒያሳ ያያት ነበር።

ጦርነቱ በባድሜ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በሰኔ ኤርትራዊ የተባሉ ሰዎችን ከአገር ማስወጣት ተጀመረ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ በዚህ መንገድ የወጣው ሰው 75 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ባለጋራዡን አንድ ማለዳ መጥተው ወሰዷቸው። ድፍን ሰፈር መስኮቱን ዘግቶ ሰማ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ፎቶውን ሊወስድ መጣና ወደ መስታወቱ እያየ «ይህችን ልጅ አሁንም እንደሰቀላችኋት ናችሁ?» አለ። ክፋት ይኑረው ምክር ይሁን ከድምፁ አይለይም ነበር። አባቴ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ልጅ አልነበርኩም። ሲመሽ መስታወቱን ከፍቼ የልጅቱን ፎቶ አወረድኩትና በቦታው የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ሰቀልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ስለ ጦርነት ሲወራ ሁሉም ከላይ የመጣ ነው ይባላል፤ ያን ማታ ግን ከላይ የመጣ ሰው አልነበረም፤ በርጩማ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ጠዋት ገብቶ አየ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሙሽራዋን አወረዳት። ፀሐይ ዙሪያውን ያደበዘዘው ጨርቅ ላይ የልጅቱ ፎቶ የነበረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ደምቆ አራት ማዕዘን ሠርቶ ነበር። ያንን ባዶውን ተወው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቶ የክርስትናውን ፎቶ አጠበ። ስድስት ቅጂ፣ እንደታዘዘው። ባልዲ አመላለስኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እትዬም ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ፖስታው ካርቶኑ ውስጥ ገባ። እስከሞተበት እስከ 1998 ዓ.ም. በዚያ ቦታ ምንም አልሰቀለም።

በዚያው ክረምት ደግሞ ከወዲያ ወደ እኛ የሚመጡት በዙ። ከአሰብና ከአስመራ የተፈናቀሉ ኢትዮጵያውያን በደሴ መንገድ ጎረፉ። አንድ የአሰብ ወደብ ጫኝ፣ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ፎቶ ይዞ መጣ፤ ይዞ የወጣው እሱን ብቻ ነው። እንዲባዛለት ፈለገ። ፎቶው ላይ እሱና አንድ ሌላ ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። አባቴ ስንጥቁን በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ እየሞላ «ይህኛውስ ይቆረጥ?» ብሎ ጠየቀው፤ በዚያን ሰሞን ቁረጡልኝ የሚል ብዙ ነበርና። ሰውየው ደንግጦ «እሱን? መኪና ላይ የጫነኝ እሱ ነው እኮ!» አለ። አባቴ ዋጋ አልተቀበለውም።

የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። ተኩሱ ቆመ፤ ድንበሩ ግን እንደተዘጋ፣ ስልኩም እንደተቆረጠ ቀረ። እኔም አዲስ አበባ መጣሁ፤ አባቴ ሲሞት ካርቶኑን ወረስኩ። ሌላው ዕቃ ለወንድሞቼ ደረሰ፤ ማንም ቅር አላለው።

ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሲገቡ እንደማንኛውም ሰው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ ነበር። በዚያው ሰሞን ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላም ይባባል ነበር። ሐምሌ 11 ቀን አውሮፕላኑ ከሃያ ዓመት በኋላ በረረ። አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ የተቃቀፉት ሰዎች ፎቶ ዓለምን ዞረ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ስታለቅስ እንኳን የፎቶ አንሺ ልጅ ሌላ ነገር ትቆጥራለች፤ አንድ ቤተሰብ ሲተቃቀፍ ዙሪያውን ስንት ካሜራ ከቦት እንደነበር አይቻለሁ።

የባለጋራዡ እኅት ደሴ አግብታ የቀረች ነበረች። የእትዬን ስልክ ከእሷ አገኘሁ። በጥቅምት 2011 ሄድኩ፤ ፖስታውን በሻንጣ ሳይሆን በእጄ ይዤ። ስለ አስመራ ሌሎች ጥሩ አድርገው ጽፈዋል፤ ዘንባባውን፣ ካቴድራሉን፣ ዩኔስኮ የመዘገባቸውን የጣሊያን ሕንፃዎች። እኔ ዋናውን ጎዳና ኮምቢሽታቶን በታክሲ አልፌ ገጀረት ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩና አንድ አረንጓዴ የብረት በር አንኳኳሁ።

እትዬ አርጅተዋል። ጋሼ ባለጋራዡ አርፈዋል። ነጠላ የተጠቀለለው ጨቅላ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ብሔራዊ አገልግሎት ላይ ስለሆነ አላገኘሁትም። ታላቂቱ ስዊድን ናት። ቡና ተፈላ፤ አማርኛቸው እንደነበረ ነው፤ «አንቺዬ» የሚሉት የወሎ አባባላቸው እንኳን አልጠፋም። ፖስታውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ጠርገው፣ አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አዩ። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ያ ዳክዬ!» አሉ።

አባቴ ከተነሺው ጀርባ የሚዘረጋው ሥዕል ያለበት መጋረጃ ነበረው። ሐይቅና አንዲት የውሃ ወፍ ተስሎበታል፤ ሠዓሊው አንገቷን አጣሞት ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባት ነበር። እትዬ ባላቸውን አላነሱም፣ ልጆቻቸውን አላነሱም፤ እስኪያስላቸው ድረስ በዳክዬዋ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ፎቶው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ቢጫ ነጥብ አላወጣም ነበር። ግማሽ ሰዓት የተለቀለቀ ነው።

ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ስለ መስታወቱ ነገርኳቸው። ማን እንዳወረደው ሳልደብቅ።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ልጅቱ እኮ አውርዱልኝ እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው! አባትሽን ስንቴ ለመንኳቸው፤ እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

ቡናውን ቀዱ። ጀበናውን መልሰው ማቶቱ ላይ አስቀመጡና እኔን ሳያዩ ቀጠሉ።

«አይቼዋለሁ። ሙሽራዋን ሰቅላችኋት አይቻለሁ። በነጋታው ሙሽራዋም ወርዳ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ። እስክንሄድ ድረስ በየቀኑ በዚያ ነበር የማልፈው።»

ሌላ ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው ሌሎች በዓለም ላይ የሠሩትን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ጄአር የሚባለው ፈረንሳዊ ከጓደኛው ከማርኮ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 እስራኤላውያንንና ፍልስጤማውያንን በሥራቸው እያጣመረ አነሳ፤ ታክሲ ነጂውን ከታክሲ ነጂው ጋር፣ አንድ ራቢ፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ደግሞ በአንድ ላይ። ሁሉም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ፎቶዎቹን በጣም አግዝፎ በመለያው ግንብ ላይና በሁለቱም ወገን ከተሞች ጎን ለጎን ለጠፋቸው። የማደንቀው ግዝፈቱን አይደለም። ማንም ክብሩን ጠብቆ እንዳይቆም ማድረጉን ነው፤ ምላሱን ያወጣን ሰው ጠላቴ ነው ብሎ መሳል ያስቸግራል። መጨባበጥ ያዘዘው የለም።

ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደችው ግን አሜሪካዊቷ ሱዛን ማይዝላስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 የኒካራጓን አብዮት አነሳች፤ ፎቶዎቿ በዓለም ታወቁ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፎቶዎቹን እንደ ትልልቅ ሰንደቅ አሳትማ ወደዚያው ይዛቸው ሄደችና በተነሱባቸው ቦታዎች ላይ ሰቀለቻቸው። መንገደኛው የራሱን መንገድ በራሱ መንገድ ላይ ቆሞ አየ። አባቴ ይህን ቢሰማ «ዕቃውን ለባለቤቱ መለሰች ማለት ነው፤ ምን ይገርማል?» ይል ነበር።

ለዚያ ወጣት ይህን ሁሉ በስልክ ላስረዳው አልቻልኩም። ቢደውልልኝ ግን የምለው ይህንኑ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ፎቶው የማን እንደሆነ ፈልጉ።

ካርቶኑ ውስጥ አሁንም አርባ አንድ ፖስታ አለ። ከመካከላቸው የአስመራ ይሆናሉ ብዬ የማስባቸው ዘጠኝ ናቸው፤ የሌሎቹ ባለቤቶች የት እንደደረሱ የየፖስታው ታሪክ ነው። ሁለተኛ እሄዳለሁ ስል የሰሜኑ ጦርነት ሆነ፤ በነሐሴ 2016 መጨረሻ ደግሞ በረራው እንደገና ተቋረጠ። ደሴም ራሷ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን አየችው፤ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ክፍል ዛሬ የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል።

እትዬን ስሰናበታቸው «ቀሪው ስንት ነበር?» ብለው ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። ደረሰኙን አነበቡና ከመሃረባቸው አሥራ አምስት ናቅፋ ፈትተው አወጡ። አልቀበልም ብል «የአባትሽን ሥራ ልታረክሺ ነው?» አሉኝ። ተቀበልኩ። በግልባጩ ላይ «ተከፍሏል፣ ተወስዷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አሥራ አምስቱ ናቅፋ ከግልባጩ ጋር አሁንም ፖስታው ውስጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስዊድን ያለችው ልጅ መልእክት ላከችልኝ። መስታወት ውስጥ የነበረው ፎቶዋ ይገኝ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ለሴት ልጇ ልታሳያት ነው፤ የእሷም የፊት ጥርሶች በቅርቡ ወልቀዋል። የታተመውን ያኔ የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ ነጋቲቩን ግን አገኘሁት፤ በአባቴ ጽሑፍ ስሟና ቀኑ ተጽፎበታል። ዛሬ ጠዋት በኮምፒውተር ገልብጬ ላኩላት። ወዲያው መለሰችልኝ፤ አመሰገነችኝና አሁን ባለው ቴክኖሎጂ ሁለቱን ጥርሶች መሙላት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይቻላል። አይቻልም አልኳት።